በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር በመኪና ማደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአቃቂ፣ በገላን፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በኮዬ ፈጬ ለሚኖር ሰው ከመርካቶ ይልቅ ቢሾፍቱ የምትቀርብበት ቀን ብዙ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፍራሽና ጀበና ጭኖ መውጣት፣ ሐይቅ ዳር ማደር፣ በማግስቱ ከተማዋን በእግር ዞሮ መመለስ ትልቅ ዝግጅት አይጠይቅም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባና ለእረፍት ከውጭ ከሚመጡ ዘመዶች ዘወትር የሚነሱ ናቸው። ሁለት ነገሮች በመልሶቹ ውስጥ ደጋግመው ይመጣሉ፤ ሐይቆቹ ከዳራቸው ጀምሮ ጥልቅ ናቸው፣ ውሃቸውም መውጫ የለውም። የት እንደምታድሩ፣ ልጆች የት እንደሚጫወቱ፣ ሳህኑ የት እንደሚታጠብ የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ውጭ አገር እንደሚደረገው የመኖሪያ መኪና ይዞ ውሃ ዳር ማደር እዚህ ይቻላል?

እዚያ አርቪ ወይም ካራቫን የሚሉት መኪና አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ በውስጡ አለው። ማደሪያው ቦታ ላይ የኤሌክትሪክ መሰኪያ፣ የንጹሕ ውሃ ቧንቧና የመጸዳጃውን ታንከር የሚያራግፉበት ጉድጓድ ይዘጋጅለታል። ባለቤቱ የባሕር ዳርቻ ላይ አቁሞ ይተኛል፣ ሲነጋ ቡናውን ጠጥቶ በአቅራቢያው ያለችውን ትንሽ ከተማ ሲዞር ይውላል። የእኛ አገር ባሕር የላትም፤ በቢሾፍቱም እንዲህ ያለ ማራገፊያና መሰኪያ አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ።

የዚያ ጉዞ ደስታ ግን ከመኪናው አይመጣም። አንድ ውሃ፣ አንድ ሌሊት፣ አንዲት ከተማ ብሎ ቀኑን ሳያጣድፉ ማሳለፍ ነው ዋናው። ይህን ደግሞ የኋላ ወንበሩ የሚታጠፍ ሚኒባስ ወይም ሰፋ ያለ የቤት መኪና ያለው ሰው እዚሁ ያገኘዋል። ሁለት ጎልማሶች መኪና ውስጥ፣ የቀሩት ድንኳን ውስጥ ቢተኙ ለአንድ ሌሊት ይበቃል። መጸዳጃና ውሃ የምትጠቀሙት ካረፋችሁበት ግቢ ስለሆነ ግቢውን በደንብ መምረጥ ያስፈልጋል።

የትኛው ሐይቅ ይሻላል?

ለማደር ባቦጋያ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሐይቆቿ አብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። ከታች የመጣው የቀለጠ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፈነዳ፣ መሬቱ ተቦረቦረ፣ ጉድጓዱም በጊዜ ብዛት ውሃ ሞላው። ዙሪያቸው እንደ ገደል ቀጥ ብሎ የሚወርደው ለዚህ ነው።

መሃል ከተማ ያለው የቢሾፍቱ ሐይቅ ከሁሉም ጥልቅ ነው፤ 87 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሃያ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቢቆምበት ይውጠዋል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ካሉት ሆቴሎች ወይም ካፌዎች ባንዱ ተቀምጦ ማኪያቶ እየጠጡ ቁልቁል ለማየት የሚወዳደረው የለም፤ ውሃው ጫፍ ወርዶ ለማደር ግን አይመችም። ሆራ አርሰዲ 38 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ ከሁሉ በላይ ግን የኦሮሞ ሕዝብ ኢሬቻን የሚያከብርበት የምስጋና ስፍራ ነው። እዚያ ሄዶ ማየት፣ ዛፎቹ ሥር መቀመጥ መልካም ነው፤ ሙዚቃ ከፍቶ ሥጋ የሚጠበስበት ቦታ አድርጎ ማሰብ ግን አይገባም። ኩሪፍቱ ዙሪያው ሪዞርት ስለሆነ ክፍል ይዘው መዝናናት ለሚፈልጉ ይሆናል።

ባቦጋያ 65 ሜትር ያህል ጥልቀት ቢኖረውም ዳር ዳሩን ብዙ ሎጆችና የእንግዳ ማረፊያዎች አሉት። አንዳንዶቹ ግቢያቸው ደረጃ በደረጃ እስከ ውሃው የሚወርድ፣ ዛፍ የሞላበት፣ መኪና ለማቆም ደልዳላ መሬት ያለው ነው። ከመሃል ከተማ ትንሽ ወጣ ስለሚል ሌሊቱ ጸጥ ይላል።

ከከተማው ራቅ ብሎ አረንጓዴ ሐይቅ የሚባልም አለ። ውሃው ጨዋማና አልካላይን ስለሆነ ስፒሩሊና የሚባለው በዓይን የማይታይ አልጌ ይራባበታል፤ ስሙን ያገኘው ከዚያ ቀለም ነው። ጨለለቃ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ጥልቅ አይደለም፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚሰፋ፣ በበጋ የሚሸሽ ረግረግ ነው። ወፍ ለሚወድ ሰው ከጥቅምት በኋላ ማለዳ ላይ ጨለለቃ መድረስ ነው፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ያርፉበታል፣ አንዳንዴ ፍላሚንጎም ይታያል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ የሚሞክር ቤተሰብ ቀኑን መኪና ውስጥ ይጨርሳል። አንዱን ሐይቅ ያዙ፣ ሌላውን ለሚቀጥለው ተዉት።

መኪናችንን የት አቁመን እናድራለን?

ጥበቃ ባለው ግቢ ውስጥ። ባዶ የሐይቅ ዳር ላይ አቁማችሁ አትደሩ። አንደኛ መሬቱ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ማኅበረሰብ ነው፣ ሁለተኛ ሌሊት የሚደርስላችሁ ሰው አይኖርም፣ ሦስተኛ በጨለማ ለመጸዳዳት የወጣ ሰው የገደሉን አፋፍ ላያየው ይችላል።

ቀድማችሁ ደውሉ። ብዙ ሎጆች የሚያከራዩት ክፍል ስለሆነ «ድንኳን ተክለን ወይም መኪና ውስጥ ማደር እንችላለን?» ተብለው ሲጠየቁ የሚሉት ይለያያል። አንዳንዶቹ በሰው ቁጥር ያስከፍላሉ፣ አንዳንዶቹ አንድ ክፍል ከያዛችሁ የቀረው ሰው ግቢው ውስጥ እንዲያድር ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹም አይሆንም ይላሉ። ስትደውሉ ሌሊት መጸዳጃው ክፍት መሆኑን፣ ውሃ መኖሩን፣ ምግብ ይዞ መግባት መፈቀዱንና ከሰል ማቀጣጠል የሚቻልበት ቦታ መኖሩን ጠይቁ። ከቤት ምግብ ማስገባት የሚከለክሉ ቦታዎች ስላሉ ይህን ሳይጠይቁ ድስት ጭኖ መሄድ በር ላይ ጭቅጭቅ ያመጣል።

ስትደርሱ ከጥበቃው ጋር ተዋወቁ፤ ሌሊት የሚነቃው እሱ ነው። ሻይና እራት አብሮ መቋደስ የአገራችን ወግ ነው።

አባታችን ሸምግለዋል። እሳቸውን ይዘን መሄድ እንችላለን?

በደንብ። ለእሳቸውና ለእናታችሁ አንድ ክፍል ያዙ፣ ወጣቱ መኪናና ድንኳን ውስጥ ይደር። ስትደውሉ «ከክፍሉ እስከ መጸዳጃው ደረጃ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሐይቅ ዳር ያሉ ግቢዎች ቁልቁለት ስለሆኑ ጉልበት ለሚያማቸው ሰው ደረጃው ይከብዳል። ከላይ፣ መኪናው አጠገብ ወንበር አውጥታችሁ ጋቢያቸውን አድርገው ሐይቁን እያዩ ቢቀመጡ ወደ ታች መውረድም አያስፈልጋቸውም።

በየት በኩል እንሂድ?

ሁለት መንገድ አለ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሳል፣ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ቢሾፍቱ ላይ መውጫ አለው። የሚከፈለው እንደ ርቀቱና እንደ መኪናው ዓይነት ነው። እግረኛ፣ ጋሪና ከብት አይገባበትም፤ ልጆች ለያዘ ቤተሰብ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ ፍራሽና ድንኳን ከጫናችሁ ገመዱን ሁለት ጊዜ ፈትሹ፤ ሜዳው ላይ ነፋሱ ኃይለኛ ነው።

አሮጌው መንገድ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም አድርጎ ይገባል። የጭነት መኪና ይበዛበታል፣ ቀስ ይላል፣ ግን ዱከም አለ። የዱከም ሥጋ ቤቶች ስማቸው የታወቀ ነው፤ ቁርጥም ጥብስም የሚወድ ሰው ምሳውን እዚያ በልቶ ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ታኅሣሥና ጥር ላይ መንገድ ዳር የሽምብራ እሸት በእስር በእስር ይሸጣል፤ ልጆች መኪና ውስጥ እየፈለፈሉ ይሄዳሉ።

በየትኛውም ሂዱ፣ ነዳጅ ከመነሻችሁ ሞልታችሁ ውጡ፣ የሁሉም ሰው መታወቂያ ይያዝ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ግቢ ግቡ። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ በዚያው ቀን ጠዋት ወደምታርፉበት ግቢ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ የካቲት። ክረምቱ አልፎ ዙሪያው የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ዝቋላ ከሩቅ ይታያል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ቀኑ ከአዲስ አበባ ይሞቃል። ይህን አይታችሁ በቲሸርት ብቻ እንዳትሄዱ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የመኪና ቆርቆሮ ደግሞ ብርዱን ያስገባል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ እስከ ኅዳር ድረስ ትንኝ አለ። አካባቢው ወባ የሚገኝበት ስለሆነ ድንኳኑ መረብ ያለው ይሁን፣ መኪና ውስጥ የሚተኛም ሰው ገርበብ ያደረገውን መስኮት በአጎበር ይሸፍን። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ከመጣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ቢሾፍቱ እንደነበራችሁ ንገሩ።

በብርዱ ወራት አንዳንድ ጊዜ ሐይቁ ላይ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ ይታያል። ላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲበረታ ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ይገለበጣል፣ ዓሣውም ይታፈናል። ካያችሁ አታውጡት፣ አትብሉት፣ ለግቢው ሰዎች ተናገሩ።

ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። ከተማዋ ከየአቅጣጫው በሚመጣ ሕዝብ ትሞላለች፣ መንገድም ይዘጋል። በዓሉን ለማክበር ከሆነ የምትሄዱት ለዚያው ብላችሁ ሂዱ፤ ድንኳን ተክሎ ለማረፍ ከሆነ ሌላ ሳምንት ምረጡ።

ምን ይዘን እንሂድ?

ከቤት ከሚገኘው ብዙ አይወጣም። ስስ ፍራሽ ወይም የታጠፈ ምንጣፍ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ብርድ ልብስና ጋቢ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ ስኮርታ ጎማና ክሪክ። ምግቡን አታብዙት። ወጡ ቤት ተሠርቶ ቢሄድ፣ እዚያ የሚቀረው ማሞቅና ቡና ማፍላት ብቻ ይሆናል። ሐይቅ ዳር ደርሳ ሽንኩርት ስትከትፍ የምትውል እናት አላረፈችም። የጾም ቀን ከሆነ ሽሮና ምስር፣ ከዚያ ቆሎና ዳቦ በቂ ነው።

ትልቅ የላስቲክ ከረጢት ሁለት ሦስት ያዙ፤ የጣላችሁትን ሁሉ ይዛችሁ የምትመለሱበት ነው።

ሌሊት ሲበርድ የከሰል ምድጃውን መኪና ወይም ድንኳን ውስጥ ማስገባት እንችላለን?

በጭራሽ። ይህን መልስ ሌላውን ሁሉ ሳታነቡ ብትቀሩ እንኳ አንብቡት።

ብዙ ሰው «ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ አይጎዳም» ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ሰው ይገድላል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ አመድ ለብሶ ጸጥ ሲልም መውጣቱን አያቆምም። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝበታል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይሰማል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ከእንቅልፍ ወደ ሞት ይሄዳል። የአንድ ክፍል ቤትን አየር የሚበክል ምድጃ የመኪናን ወይም የድንኳንን ጠባብ አየር በጣም በፍጥነት ይሞላዋል። መስኮት ትንሽ መክፈትም አያድንም። ሞተር አስነስቶ ማሞቂያ ከፍቶ መተኛትም ያው አደጋ አለው፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ይኸው ጋዝ ነው።

ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ፍሙን ውሃ አፍስሱበት፣ ምድጃው ውጭ ከድንኳኑ ርቆ ይደር። ለብርዱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ ካልሲ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ይበቃል። አንድ ሰው ራሱን ካዞረው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ልጆች ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይችላሉ?

የባሕር ዳርቻ በፊልም ያየ ልጅ ውሃው ቀስ በቀስ እየጠለቀ የሚሄድ ይመስለዋል፤ አሸዋው ላይ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ። የባቦጋያና የሆራ ዳር እንዲህ አይደለም። ሐይቁ የፈነዳ ጉድጓድ ስለሆነ ከዳር ጥቂት እርምጃ እንደተገባ መሬቱ ይጠፋል። ዋና የሚችል ጎልማሳም ቢሆን ከእግሩ ሥር መሬት በድንገት ሲጠፋ ይደናገጣል።

ለልጆች ገንዳ ያለው ሎጅ ምረጡ። ሐይቁ ዳር ሲጫወቱ ስሙ ተጠርቶ ኃላፊነት የተሰጠው አንድ ትልቅ ሰው ይኑር፤ «ሁላችንም እናያለን» ከተባለ ማንም አያይም። ጀልባ የምትሳፈሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃናቱም በልካቸው ላይፍ ጃኬት መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ከሌለ አትሳፈሩ። ቢራ የጠጣ ሰው ውሃ አይግባ። አንድ ሰው ቢሰጥም ዋና የማይችል ሰው ተከትሎት አይግባ፤ ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይወርወርለት። የተዘጋ ጀሪካን ሰው ስለሚያንሳፍፍ አንዱን ሁልጊዜ ባዶ አድርጋችሁ ውሃው አጠገብ አቆዩት።

ሐይቁ ውስጥ ሳህን ወይም መኪና ማጠብ ምን ችግር አለው?

እነዚህ ሐይቆች የሚፈስ ወንዝ አይወጣቸውም። የገባባቸው ውሃ በአብዛኛው የሚቀንሰው በትነት ነው፤ ሳሙና፣ ዘይትና ላስቲክ ደግሞ አይተንም። ዛሬ ያፈሰሳችሁትን ኦሞ ጠርጎ የሚወስደው ወንዝ የለም። ሳህኑን በጀሪካን ውሃ ከሐይቁ ርቃችሁ ወይም በግቢው ማጠቢያ እጠቡ፣ መኪናውን ከተማ ወስዳችሁ አሳጥቡ። የሲጋራ ቁራጭ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የጠርሙስ ክዳን ሁሉ ከረጢቱ ውስጥ ይግባ። ይህን ለልጆቻችሁ እዚያው ውሃው ፊት ለፊት አስረዷቸው፤ በቶሎ ይገባቸዋል።

በማግስቱ ከተማዋ ውስጥ ምን ይታያል?

መኪናውን ግቢ ትታችሁ በባጃጅ ግቡ። ከቢሾፍቱ ሐይቅ አፋፍ ጀምሩ፤ ጠዋት ላይ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ከዚያ ወደ ገበያው። የአዳ ጤፍ ስሙ ከጥንት የታወቀ ነው፤ ማኛ የሚባለውን ነጩን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከቤተሰቡ ካለ ይምራችሁ። እፍኝ አድርጋችሁ እዩት፣ ነጋዴዋን ከየት ማሳ እንደመጣ ጠይቋት፤ ታስረዳችኋለች።

ይህች ከተማ ስለ ጤፍ የምታወራው በገበያ ብቻ አይደለም። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ የተባለው ጤፍ ከዚህ ማዕከል ነው፤ ገበሬው በሰፊው ወዶታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም በዚችው ከተማ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ ካላችሁ፣ በነዚህ ግቢዎች በኩል ስታልፉ ምን እንደሚሠራባቸው ንገሩት፤ ሥራ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ ውጭ የሚያይበት ዕድል ነው።

የድሮው የጅቡቲ ባቡር፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፣ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር። የከተማዋ ትልልቅ ሰዎች ስለ ባቡሩ ዘመን ይናገራሉ፤ ቡና ቤት ስትቀመጡ «አባባ፣ ባቡሩ ሲመጣ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

ከተማዋ የአየር ኃይል መቀመጫ ናት። ወደ ወታደራዊ ግቢ፣ በርና አጥር ካሜራ አታንሱ። ከውጭ የመጣው ዘመዳችሁ ይህን ላያውቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት። ሆራ ላይም የሚጸልይ ሰው ካያችሁ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ።

ቢሾፍቱን ለምደናል። ሌላ ቦታስ?

ወንጪ ከአዲስ አበባ በምዕራብ በኩል 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል መርጦታል። ከፍታው ከቢሾፍቱ በጣም ስለሚበልጥ ብርዱ ሌላ ነው። ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ እንደ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ መተኛት ያማረው ሰው የሚያገኘው እዚያ ነው፤ ዳሩም ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ሁለቱም ከአንድ ሌሊት በላይ ይፈልጋሉ። ውሃ የግድ ካላስፈለጋችሁ የመናገሻ ሱባ የጽድ ደን ቅርብ ነው።

እሑድ ስንት ሰዓት እንመለስ?

ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም ተነሱ። 10 ሰዓት ካለፈ ከአዳማና ከሐዋሳ የሚመለሰው መኪና ሁሉ ይገናኝና ቱሉ ዲምቱና ቃሊቲ ላይ ትቆማላችሁ። ጤፍ የምትገዙ ከሆነ ጠዋት ግዙት፣ ከኋላ ወንበሩ ሥር ለክብደቱ ቦታ አስቀሩ። ከመውጣታችሁ በፊት ድንኳኑ የነበረበትን መሬት አንድ ሰው በእግሩ ዞሮ ይየው፤ የተረሳ የልጅ ጫማም የወደቀ ላስቲክም የሚገኘው ያኔ ነው።